ኮምፒውተርዎን ወደ አዲስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ከማሸጋገርዎ በፊት የአማርኛ ሰነዶችዎን ይፈትሹ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ሲሰጥ የቆየውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቋርጧል። ይህ ማለት ዊንዶውስ 10 የተጫነባቸው ኮምፒውተሮች ሥራ ያቆማሉ ማለት አይደለም። ይሁን እንጂ ከዚያ ወዲህ የሚገኙ የደኅንነት ክፍተቶች በመደበኛው መንገድ ስለማይደፈኑ፣ ኮምፒውተሮቹ ለቫይረስና ለመረጃ ስርቆት ያላቸው ተጋላጭነት እየጨመረ ይሄዳል። በመሆኑም ተጠቃሚዎች ወደ ዊንዶውስ 11 ወይም በነጻ ወደሚገኘው ኡቡንቱ ሊኑክስ መሸጋገር ግድ እየሆነባቸው ነው።

ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻ እና ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍል ይጠይቃል። ይህን መስፈርት ለማያሟሉ የቆዩ ኮምፒውተሮች ቲፒኤም የማይጠይቀው ኡቡንቱ አማራጭ ሊሆን ይችላል።

በአዲሱ ሲስተም የመጀመሪያ ቀናት ተጠቃሚን የሚያማርሩት አብዛኞቹ ጉዳዮች በልምምድ የሚቀረፉ ናቸው። በአማርኛ ለሚሠራ ቢሮ ግን ከሁሉም የሚከብደው የቆዩ ሰነዶች ጉዳይ ነው። መፍትሔውም የሚቀለው ከሽግግሩ በኋላ ሳይሆን በፊት ነው።

የቆዩ ሰነዶች ለምን አይነበቡም?

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ሥርዓት ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ፣ በአገራችን ቢሮዎች የአማርኛ ጽሑፍ ይዘጋጅ የነበረው ዩኒኮድ ባልሆኑ ፎንቶች ነበር። እነዚህ ፎንቶች የአማርኛውን ፊደል ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጡ ስለነበር፣ ኮምፒውተሩ መዝግቦ የያዘው በእውነቱ የላቲን ፊደላትንና ምልክቶችን ነው። ፎንቱ እስካለ ድረስ ጽሑፉ አማርኛ ሆኖ ይታያል፤ ፎንቱ በሌለበት አዲስ ኮምፒውተር ሲከፈት ግን ትርጉም የሌለው የፊደላትና የምልክቶች ቅልቅል ይሆናል።

ለምሳሌ በደቡብ ጎንደር ዞን አንድ ወረዳ የሚገኝ የመሬት ይዞታ መዝገብ፣ የተማሪዎች ውጤት ወይም የስብሰባ ቃለ ጉባኤ በዚህ ዓይነት ፎንት ተጽፎ ከሆነ፣ ፋይሉ ሳይጠፋ ይዘቱ ሊነበብ የማይችልበት ሁኔታ ይፈጠራል። ጉዳት የሚደርስበትም የኮምፒውተሩ ተጠቃሚ ብቻ ሳይሆን ማስረጃውን ፈልጎ የመጣው ባለጉዳይ ነው።

ሰነዱ ዩኒኮድ መሆኑን ለማወቅ ከጽሑፉ አንድ አንቀጽ ቀድቶ በኖትፓድ ላይ መለጠፍ በቂ ነው። አማርኛው እንዳለ ከታየ ሰነዱ ዩኒኮድ ነው። የላቲን ፊደላት ወይም ባዶ ሳጥኖች ከታዩ ግን አይደለም። ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ሁለቱንም ዓይነት ፎንቶች ይዘው የቀረቡ በመሆናቸው የፕሮግራሙን ስም ብቻ አይቶ መወሰን አይገባም።

ዩኒኮድ ያልሆነ ሰነድ ሲገኝ በመቀየሪያ ሶፍትዌር ወደ ዩኒኮድ መለወጥና ውጤቱን ከዋናው ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል። ለማስረጃነት ብቻ የሚቀመጠውን ደግሞ በነባሩ ኮምፒውተር ላይ ወደ ፒዲኤፍ መቀየር ይቻላል። ሆኖም እንዲህ ያለው ፒዲኤፍ ለዓይን የሚነበብ ቢሆንም በአማርኛ ቃል ፈልጎ ማግኘት እንደማያስችል መገንዘብ ይገባል።

የገጽ አቀማመጥ መዛባት

ሰነዱ ዩኒኮድ ቢሆንም እንኳ የገጹ አቀማመጥ ሊለወጥ ይችላል። ብዙዎች የሚጠቀሙበት ኒያላ ፎንት በዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ተጨማሪ ሆኖ የሚጫን እንጂ በሁሉም ኮምፒውተር ላይ ቀድሞ የሚገኝ አይደለም። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተሩ ኢብሪማን ወይም ሌላ ፎንት ይተካል፤ የፊደላቱ ስፋትም ስለሚለያይ በአንድ ገጽ ያለቀ ደብዳቤ ወደ ሁለተኛ ገጽ ሊያልፍና የፊርማው ቦታ ብቻውን ሊቀር ይችላል። ከንፋስ መውጫ ወይም ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር የሚላክ የመጨረሻ ደብዳቤ በፒዲኤፍ ቢላክ ይህ ችግር አይኖርም።

የአማርኛ አጻጻፍ

በዊንዶውስ 11 ከቋንቋ ማስተካከያው አማርኛን በመጨመር ያለ ተጨማሪ ሶፍትዌር መጻፍ ይቻላል። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ለመቀየር የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍና የክፍተት ቁልፉን አብሮ መጫን በቂ ነው። አስቸጋሪ የሚሆነው እንደ «ሰ» እና «ሠ»፣ «ጸ» እና «ፀ» ያሉት ፊደላት የሚገኙባቸው ቁልፎች ከለመዱት ፕሮግራም ሊለዩ መቻላቸው ነው። በዊንዶውስም ሆነ በሊኑክስ ላይ የሚሠራው ነጻው ኪማን በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት የአማርኛ አጻጻፍ ስለሚያስገኝ፣ ሁለቱን ሲስተሞች ጎን ለጎን ለሚጠቀም ቢሮ ይመከራል።

ሌሎች የዕለት ተዕለት ችግሮች

በዊንዶውስ 11 የመጀመሪያው ምናሌ መክፈቻ ወደ ስክሪኑ ግርጌ መሃል ተዛውሯል፤ ከታችኛው መስመር ማስተካከያ ወደ ግራ መመለስ ይቻላል። በማውሱ የቀኝ ቁልፍ የሚከፈተው ዝርዝርም አጥሯል፤ ቀሪዎቹ ትእዛዞች በዝርዝሩ መጨረሻ ባለው ተጨማሪ አማራጭ ውስጥ ይገኛሉ። ለዊንዶውስ የተሠሩ የሒሳብና የመዝገብ ሶፍትዌሮች በሊኑክስ ላይ በቀጥታ ስለማይሠሩ፣ የቆዩ ፕሪንተሮችም በአዲሱ ሲስተም ላይሠሩ ስለሚችሉ አስቀድሞ ማረጋገጥ ያሻል። ኡቡንቱን ሳይጭኑ ከፍላሽ ላይ አስነስቶ መሞከር ይቻላል።

ከሽግግሩ በፊት ሊከናወኑ የሚገባቸው

• ሰነዶችን በሁለት የተለያዩ ማከማቻዎች ላይ መገልበጥ፤
• ቢሮው የሚጠቀምባቸውን ፎንቶች መዝግቦ ፋይሎቻቸውን ማስቀመጥ፤
• ዩኒኮድ ያልሆኑትን ሰነዶች ለይቶ መቀየር፤
• ኢንተርኔት ደካማ በሆነበት አካባቢ የመጫኛውን ፋይል አንድ ጊዜ አውርዶ በፍላሽ መያዝ፤
• መብራት ቢቋረጥ ጭነቱ እንዳይስተጓጎል የላፕቶፑን ባትሪ መሙላት፣ ለዴስክቶፕም የመጠባበቂያ ኃይል ማዘጋጀት፤
• ሁሉንም ኮምፒውተሮች በአንድ ጊዜ ከመቀየር በአንዱ መጀመር።

ከየዓመቱ ቢያንስ አንድ ሰነድ በአዲሱ ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ፣ ተነብቦና ታትሞ እስኪረጋገጥ ድረስ ነባሩን ሲስተም ማጥፋት አይገባም።