የቡታጋዝ ምድጃ ቃጠሎ፦ አለካኩና አሻሻሉ

የቡታጋዝ ምድጃ ማቃጠያ ጋዝና አየርን ቀላቅሎ በተረጋጋ ነበልባል የሚያነድ መሣሪያ ነው። ከሲሊንደር የሚመጣው ጋዝ በጠባብ ቀዳዳ ሲፈናጠር በዙሪያው ያለውን አየር ስቦ መቀላቀያው ቱቦ ውስጥ ይገባል። ድብልቁ በማቃጠያው ራስ ቀዳዳዎች ወጥቶ ሲነድ፣ የጎደለውን አየር ነበልባሉ ከአካባቢው ይወስዳል። በቡታጋዝ ውስጥ ካሉት ጋዞች አንድ ሊትር ፕሮፔን ሙሉ በሙሉ ለመንደድ 24 ሊትር ያህል፣ አንድ ሊትር ቡቴን ደግሞ 31 ሊትር ያህል አየር ይፈልጋል።

ማቃጠያው በሁለት ነገር ይመዘናል። አንደኛው የሙቀት ብቃቱ ነው፤ ይህም ከጋዙ ሙቀት ምን ያህሉ ወደ ተጣደው ውሃ እንደገባ ያሳያል። 5 ኪሎ ግራም ውሃን ከ20 ወደ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማሞቅ 1,465 ኪሎ ጁል ያስፈልጋል። ለዚህ 58 ግራም ጋዝ ከነደደ፣ አንድ ኪሎ ግራም ጋዝ 46 ሜጋ ጁል ያህል ስለሚሰጥ፣ የወጣው ሙቀት 2,668 ኪሎ ጁል ነው፤ ብቃቱም 55 በመቶ ይሆናል። ልኬቱ ውሃው ሳይፈላ መቆም አለበት፤ አለዚያ በእንፋሎት የሚያመልጠው ሙቀት ስሌቱን ያዛባዋል።

ሁለተኛው የቃጠሎው ንጽሕና ነው። ጋዙ በሚገባ ካልነደደ ሽታም ቀለምም የሌለው መርዛማ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል። ስለዚህ ከድስቱ በላይ የተሰበሰበው ጭስ በጋዝ መለኪያ ተመርምሮ የካርቦን ሞኖክሳይድና የካርቦን ዳይኦክሳይድ ንጽጽር ይሰላል። የክፍሉ አየር ሁለቱንም እኩል ስለሚያቀጥናቸው ንጽጽሩ አይዛባም።

ሁለቱ ልኬቶች መነጣጠል የለባቸውም። ድስቱ ወደ ማቃጠያው ሲቀርብ ብቃቱ ሊጨምር ይችላል፤ ሆኖም ነበልባሉ ነዶ ሳይጨርስ ቀዝቃዛውን ብረት ከነካ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ይበዛል። ቁጠባ ጤናን አስከፍሎ መሻሻል አይባልም።

ማሻሻል በጽዳት ይጀምራል። ነበልባሉ ቢጫ ሆኖ ድስቱን ጥላሸት ካለበሰ አየር አንሶታል፤ የተደፈኑት ቀዳዳዎች ይጠረጋሉ፣ የአየር መግቢያውም ይከፈታል። ነበልባሉ ከቀዳዳው ተነስቶ ከተንሳፈፈ አየሩ ወይም የጋዙ ግፊት በዝቷል። ከድስቱ ግርጌ አልፎ ከወጣ ደግሞ ሙቀቱ በከንቱ ይባክናልና ጋዙ መቀነስ አለበት።

ከፍታም ይታሰብበታል። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ባለችው አዲስ አበባ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ከአንድ አምስተኛ በላይ ስለሚሳሳ፣ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ማቃጠያ ኦክስጅን ያጥረዋል። መፍትሔው የጋዙን መውጫ በባለሙያ በጠበበ መለወጥ ነው። ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ ሁለቱም ልኬቶች ይደገማሉ፤ ማብሰያው ክፍል ግን ምንጊዜም አየር ሊገባበት ይገባል።