ፒክአፕ ላይ ኮምፕሬሰር ስታስገጥሙ ፊውዙን እዩ

ከባሕር ዳር ጎንደር አስፋልት እንፍራንዝ ላይ ታጥፋችሁ ወደ ጣና ዳር የምትወርዱ ሰዎች፣ በክረምት መረሬ ላይ የጎማ ንፋስ መቀነስ እንደሚያዋጣ ታውቃላችሁ። ጣጣው መልሶ መሙላቱ ነው። በቀነሰ ንፋስ አስፋልት ላይ በፍጥነት ከነዳችሁ ጎማው ይግላል፣ ሊፈነዳም ይችላል። ጎሚስታ ደግሞ ሁልጊዜ በአቅራቢያ አይገኝም። ስለዚህ ኮምፕሬሰሩን መኪናው ላይ ማስገጠሙን እደግፋለሁ።

ግን ኃይሉን ከሲጋራ መለኮሻው አትውሰዱ! የእሱ ፊውዝ አብዛኛውን ጊዜ 10 ወይም 15 አምፒር ነው፤ ደህና ኮምፕሬሰር 30 ሊስብ ይችላል። ወፍራም ገመድ በቀጥታ ከባትሪ ይምጣ፣ ማብሪያው በሪሌ ይሥራ፣ ፊውዙ እዚያው ባትሪው አጠገብ ይሁን። ፊውዙን ከባትሪው አርቆ ኮምፕሬሰሩ ጋ የሚያስር ካያችሁ አስቁሙት፦ ገመዱ መሀል ላይ ተልጦ ቦዲ ከነካ የሚያቋርጠው ነገር የለም፣ መኪናው ይቃጠላል።

ኮምፕሬሰሩ ኮፈን ሥር ከፍ ብሎ፣ ከጭስ ማውጫው ርቆ ይታሰር። የሚወጣው አየር ስለሚግል የመጀመሪያው ቱቦ ሽቦ የለበሰ ይሁን። ስትሞሉ ሞተሩን አታጥፉ።

መኪናችሁን ከመረከባችሁ በፊት ባለሙያውን «ፊውዙ የት ነው?» በሉት፤ በጣቱ ያሳያችሁ።