ብርቱውን መቀነስ ወይስ ደካማውን መጨመር?

ፕሌይስቴሽን ቤት ያመሸ ልጅ ነገሩን ያውቀዋል። አንዱ ቡድን አይሎ ሁሉም እሱን ብቻ ሲመርጥ ጌሙ ይሰለቻል። ሠሪዎቹ ያላቸው ምርጫ ሁለት ነው፤ ከብርቱው መቀነስ፣ አልያም ለደካማው መጨመር።

በእኛም ሊግ ያው ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከ2006 እስከ 2009 ዓ.ም አራት ዋንጫ በተከታታይ ወሰደ። ደመወዝ ሲንር ደግሞ ፌዴሬሽኑና ክለቦች በነሐሴ 2011 ዓ.ም የተጫዋች ወርሃዊ ክፍያ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተስማሙ። መቀነስ ይሏል ይሄ ነው። ጣሪያው ግን የሀብታሙን ወጪ ቢገታ እንጂ በድሃው ካዝና ሳንቲም አይጨምርም።

መጨመርስ? ወልድያን እንይ። በ2009 ዓ.ም በሼህ መሐመድ አላሙዲ ስም የተሰየመ ዘመናዊ ስታዲየም ተመረቀላት። ከግራናና ከመርሳ ለሚመጣው ደጋፊ ትልቅ ኩራት ነበር። ክለቡ ግን በ2010 ዓ.ም ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ። ለካ ስታዲየም ጎል አያገባም!

እኔ ከሁለቱ መጨመሩን እመርጣለሁ፤ ቦታውን ካገኘ። በጌሙም ቢሆን ቡድን የሚበረታው የተጫዋቹ ጉልበት ሲጨመር እንጂ ሜዳው ሲያምር አይደለም። ለወልድያም የሚበጃት የማይቋረጥ ገቢና የሀብሩን ልጆች ከሥር የሚያሳድግ የታዳጊ ቡድን ነው። ሜዳውማ አለ፤ የጎደለው የሚጫወትበት ነው።