የደጃች ዓለማየሁ ምስል፦ መታሰቢያ ወይስ የምርኮ ማስረጃ?

በአውሮፓ መኳንንት ዘንድ ወደ ጦር ሜዳ የሚሄድ ወይም በወጣትነቱ የተቀጨ ልጅ መልክ በዝሆን ጥርስ ላይ በትንሹ ይሣል ነበር። ሥዕሉ በመዳፍ የሚያዝ ሲሆን፣ በጀርባው አንዳንድ ጊዜ የባለ ምስሉ የጠጉር ዘለላ ይቀመጥበታል። እ.ኤ.አ. በ1854 ዲስዴሪ በፓሪስ ያስመዘገበው አነስተኛ የካርድ ፎቶግራፍ ይህን ልማድ በርካሽ ዋጋ ተካው። የዐፄ ቴዎድሮስና የእቴጌ ጥሩወርቅ ልጅ የዓለማየሁ መልክ ለትውልድ ከተላለፈባቸው መንገዶች አንዱም ይኸው ነው።

መቅደላ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1868) ከወደቀች በኋላ እናቱ በጉዞ ላይ ሳለች ዐረፈች፤ ሕፃኑም በካፒቴን ትሪስትራም ስፒዲ ጠባቂነት ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። በዚያው ዓመት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን በዋይት ደሴት ፎቶግራፍ አነሣችው። ለምስሉ የተሰጠው ርእስ «ደጃች ዓለማየሁ» የሚል ነው። ደጃዝማች የጦር ማዕርግ ሲሆን ባለማዕርጉ የ7 ዓመት ልጅ ነበር። ከስፒዲ ጋር በተነሣበት ምስል ካፒቴኑ የኢትዮጵያ ልብስ ለብሶ ይታያል። ለስፒዲ ልብሱ በፈቃዱ የመረጠው ነው፤ ልጁ ግን የሚመርጠው ነገር አልነበረውም።

ዓለማየሁ እ.ኤ.አ. በ1878 ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገባ። በቀጣዩ ዓመት፣ በኅዳር 1872 ዓ.ም.፣ ሊድስ ውስጥ በ18 ዓመቱ ዐርፎ በዊንዘር ተቀበረ። የማዕርጉን ሥራ ሳይሠራበት ማዕርጉ በምስሉ ላይ ብቻ ቀረ።

በጥንታዊው ልማድ ሥዕሉንም ጠጉሩንም የሚያኖሩት የሟች ወገኖች ናቸው። የዓለማየሁ የጠጉር ዘለላ ግን በስፒዲ ወራሾች እጅ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2023 ለንደን ላይ ለኢትዮጵያ ተመለሰ። በዚያው ዓመት የባኪንግሃም ቤተ መንግሥት ዐፅሙን ለመመለስ እንደማይችል፣ የሌሎች ሙታንም ዕረፍት እንደሚታወክ ገልጿል።

ስለዚህ ምስሉን መታሰቢያ ወይም የምርኮ ማስረጃ የሚያሰኘው በካርዱ ላይ የሚታየው መልክ ብቻ አይደለም፤ ማን እንዳስነሣው፣ ማን እንዳኖረውና ማን እንደተነፈገው ጭምር ነው። ምስሉን የሚመዘግብ ተመራማሪም ከአንሺዋ ስምና ከዘመኑ ጎን ለጎን ልጁ እንዴት ካሜራው ፊት እንደቀረበ መጻፍ ይኖርበታል።