አጥንት ሲሰበር ምን እንብላ? ከምንስ እንቆጠብ?



ከቤተሰብ አንዱ እጁ ወይም እግሩ ተሰብሮ ሲተኛ ጠያቂው ይበዛል። ከጠያቂው ጋር ምክሩም ይበዛል። አንዱ «የአጥንት መረቅ አጠጡት» ይላል፤ ሌላው «ቅቤ አይለየው» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ «የካልሲየም ክኒን ግዙለት» ይላል። ሁሉም በጎ አሳቢ ነው። ይሁን እንጂ የቤት አባወራ ሥራ ፈቶ በተኛበት ወቅት እጅ ላይ ያለችውን ጥቂት ገንዘብ በየትኛው ላይ ማዋል እንደሚገባ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ ለተሰበረ አጥንት የሚጠቅመውንና የሚጎዳውን በአቅማችን ለማብራራት እንሞክራለን።

አጥንት የሚጠገነው እንዴት ነው?

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንወቅ። አጥንትን የሚገጥመው ጀሶው አይደለም፤ ሐኪሙም ወጌሻውም አይደሉም። አላህ (ሱ.ወ) ሰውነታችን የተሰበረውን አጥንት ራሱ እንዲጠግን አድርጎ ፈጥሮታል። የጀሶው ሥራ አጥንቱን በትክክለኛ ቦታው ላይ አቁሞ መጠበቅ ብቻ ነው።

ስብራቱ በደረሰ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በቦታው ላይ ደም ይረጋል፤ ያብጣል። ይህ እብጠት ቢያሳምምም የጥገናው መጀመሪያ ነው። ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ በሁለቱ ስባሪዎች መካከል ለስላሳ ድልድይ ይዘረጋል። በቀጣዮቹ ሳምንታት ይህ ድልድይ ማዕድን እየጠጣ ይጠነክራል። ከዚያም አጥንቱ የቀድሞ ቅርጹን እስኪይዝ ድረስ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይወስዳል። የጎልማሳ ሰው የእጅ አንጓ ስብራት ብዙውን ጊዜ በ6 ሳምንት ገደማ ይያያዛል፤ የቅልጥም ስብራት ግን ከ3 እስከ 4 ወር ወይም ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል። የልጆች አጥንት ከአዋቂዎች ፈጥኖ ይገጥማል።

የጭቃ ቤት ሲሠራ አይታችሁ ከሆነ ነገሩ ግልጽ ይሆንላችኋል። መጀመሪያ እንጨቱ ይቆማል፣ ማገሩ ይማገራል፤ ጭቃው የሚመረገው ከዚያ በኋላ ነው። የአጥንት ማገሩ ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን ነው። ጭቃው ደግሞ ካልሲየምና ፎስፈረስ ናቸው። ማገር በሌለበት ጭቃ ቢከመር ቤት አይሆንም። በየቤታችን የሚፈጸመው ስህተትም ይኸው ነው፤ ስለ ካልሲየም ብዙ እንጨነቃለን፣ ፕሮቲኑን ግን እንረሳዋለን።

ፕሮቲን፦ የተረሳው ማገር

ጤነኛ ጎልማሳ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በቀን 0.8 ግራም ያህል ፕሮቲን ይበቃዋል። አጥንቱ የተሰበረ ሰው ግን ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም እንዲያገኝ ይመከራል። ስለዚህ 60 ኪሎ የሚመዝን በሽተኛ ቢያንስ 72 ግራም ገደማ ያስፈልገዋል ማለት ነው።

ይህን ለማግኘት የግድ በየቀኑ ሥጋ መግዛት አይጠበቅብንም። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም፣ አንድ ስኒ ሙሉ የበሰለ ምስር 18 ግራም፣ 100 ግራም የበሰለ ቀይ ሥጋ ደግሞ 25 ግራም ያህል ፕሮቲን አላቸው። በቀን ሁለት እንቁላል፣ ሁለት ብርጭቆ ወተት፣ አንድ ስኒ ምስርና ትንሽ ሥጋ ያገኘ ሰው፣ ከእንጀራው ጋር ተደምሮ የሚያስፈልገውን አገኘ። ሥጋ ከሌለ ወፈር ያለ ሽሮ፣ የባቄላ ፉል፣ የሽምብራ ቅቅል፣ አይብ ወይም ዓሣ ቦታውን ይሸፍናሉ። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን ፕሮቲን ከመጨመሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

የአጥንት መረቅስ? መረቅ ለጠፋ የምግብ ፍላጎት ጥሩ ነው፤ ፈሳሽም ይሰጣል። ይሁን እንጂ ካልሲየሙ በአብዛኛው የሚቀረው በአጥንቱ ውስጥ ስለሆነ ወደ መረቁ የሚወጣው በጣም ጥቂት ነው። ከመረቁ ይልቅ በውስጡ የተቀቀለው ሥጋ ይበልጣል። ስለዚህ ለበሽተኛው መረቁን ሰጥተን ሥጋውን ለሌላው አናካፍል። ቅቤም ቢሆን ኃይል ይሰጣል እንጂ አጥንት አይገጥምም።

ካልሲየምና ረዳቶቹ

በሰውነታችን ካለው ካልሲየም 99 በመቶው በአጥንትና በጥርስ ውስጥ ይገኛል። ጎልማሳ ሰው በቀን 1,000 ሚሊ ግራም ገደማ፣ ከ50 ዓመት በላይ የሆነች ሴት ደግሞ 1,200 ሚሊ ግራም ያስፈልጋታል። አንድ ብርጭቆ ወተት ወይም እርጎ ወደ 300 ሚሊ ግራም ይይዛል። የላም ቢሆን የግመል ወተት ተፈልቶ ይጠጣ። ወተት የማይስማማው ሰው ብዙ ጊዜ እርጎን ይችለዋል። የሀበሻ ጎመን፣ ሰሊጥና የጤፍ እንጀራም ጥሩ የካልሲየም ምንጮች ናቸው። የእንጀራው ሊጥ በደንብ መቡካቱ በእህሉ ውስጥ ያሉት ማዕድናት በቀላሉ ወደ ሰውነት እንዲገቡ ይረዳል።

ማገሩን ለመሥራት ቫይታሚን ሲ የግድ ያስፈልጋል። ብርቱካን፣ ሎሚ፣ ዘይቱን፣ ፓፓያ፣ ቲማቲምና ቃሪያ ይህን ይሰጣሉ። ቫይታሚን ሲን ሙቀት ስለሚያጠፋው ቃሪያና ቲማቲሙን በጥሬው፣ በሚገባ አጥቦ መብላት ይመረጣል።

ካልሲየም ከአንጀት ወደ ደም እንዲገባ ደግሞ ቫይታሚን ዲ ያስፈልጋል። ይህን ሰውነታችን የሚሠራው የፀሐይ ብርሃን ቆዳችንን ሲነካው ነው። በመስተዋት ውስጥ የሚገባ ፀሐይ ለዚህ አይጠቅምም። በሽተኛው ቀኑን ሙሉ ጓዳ ውስጥ ተጋርዶ ከሚተኛ ጥቂት ጊዜ ደጅ አውጥታችሁ አስቀምጡት። ሒጃብ የሚለብሱ እህቶች የሰው ዐይን በማያይበት የግቢያቸው ክፍል እጅና እግራቸውን ገልጠው ፀሐይ ቢያገኙ ይጠቀማሉ። ይህ የማይመቻቸው፣ እንዲሁም ፀሐይ እንደልብ በማይገኝበት የአውሮፓና የአሜሪካ ክረምት የሚኖሩ ወገኖቻችን ስለ ቫይታሚን ዲ መድኃኒት ሐኪም ይጠይቁ። ከመጠን በላይ መውሰድ ጉዳት ስላለው በግምት ገዝቶ መዋጥ አይገባም።

ከምን እንቆጠብ?

ከሁሉ በላይ አጥንትን የሚጎዳው ትምባሆ ነው። ኒኮቲን የደም ሥሮችን ያጠብባል፤ ደም በሚገባ ያልደረሰው ስብራት ደግሞ ዘግይቶ ይገጥማል፣ አንዳንዴም ጭራሹኑ ሳይገጥም ይቀራል። ሺሻም ያው ትምባሆ ነው፤ በውሃ ውስጥ ማለፉ ኒኮቲኑን አያጠፋውም። በሽተኛውን ለመጠየቅ የሚመጡ ወዳጆችም ክፍሉ ውስጥ ባያጨሱ ውለታ ዋሉለት።

ጫት ሁለት ነገር ይቀማል፦ የምግብ ፍላጎትንና እንቅልፍን። «መተኛቱ ሰለቸው፣ ትንሽ ይቃም» ተብሎ የሚቀርብለት ጫት እራቱን ያስተወዋል፤ ሌሊቱን ዐይኑን ያፈጥበታል። ለስላሳ መጠጥም የወተቱን ቦታ እንዳይወስድ። ጨው ሲበዛ ካልሲየም በሽንት እንዲወጣ ያደርጋል። ቡናና ሻይ በልክ ከሆነ አይከለከልም፤ ነገር ግን ከምግቡ ያለውን ብረት ሰውነት እንዳያገኝ ስለሚያደርጉ ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል ቢርቁ መልካም ነው። የስኳር ሕመምተኛ ስኳሩን በሚገባ ካልተቆጣጠረ ስብራቱም ቁስሉም ስለሚዘገይ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ።

ጠብቆ የታሰረ እጅና እግር

ምግቡ ቢሟላም ደም ካልደረሰ ከንቱ ነው። በሀገራችን ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚሄደው ወደ ወጌሻ ነው። ችግሩ የሚመጣው የተሰበረው አካል ገና እያበጠ ሳለ በቀርከሃ ወይም በእንጨት ጠብቆ ሲታሰር ነው። እብጠቱ መስፊያ ሲያጣ የደም ሥሩን ይዘጋል። በቀናት ውስጥ ሥጋው ይሞታል፤ በቀላሉ ይድን የነበረ የሕፃን እጅ ይቆረጣል። የሀገራችን የአጥንት ሐኪሞች ይህን ደጋግመው ያያሉ። ታላቁ ሐኪም ኢብኑ ሲና (980–1037) እንኳ ከዛሬ ሺህ ዓመት በፊት እብጠት ሳይወርድ አጥብቆ ማሰርን ማዘግየት እንደሚሻል አስተምሯል።

ስለዚህ በጀሶም ይሁን በእንጨት የታሰረ ሰው ጣቶቹን በየጊዜው እዩለት። በማስታገሻ የማይበርድ እየባሰ የሚሄድ ሕመም፣ ጣት ሲነካ ወይም ሲዘረጋ ከባድ ሥቃይ፣ መደንዘዝ፣ መቀዝቀዝ፣ መገርጣት ወይም መጥቆር ከታየ እስኪነጋ አትጠብቁ። ማሰሪያው በወጌሻ የታሰረ ከሆነ ወዲያው ይፈታ፤ ጀሶ ከሆነም ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ይወሰድ። በዚህ ጉዳይ የሰዓታት መዘግየት አካል ያሳጣል። አጥንቱ ቆዳን ቀዶ ከወጣም ቅቤ፣ ማር ወይም ሌላ ነገር ሳይቀቡ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ በቀጥታ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል።

ዕረፍትና እንቅስቃሴ

በመጀመሪያዎቹ ቀናት የተሰበረውን አካል በትራስ ላይ ከልብ ከፍታ በላይ ማሳረፍ እብጠቱን ይቀንሳል። ከጀሶው ውጭ ያሉትን ጣቶችና መገጣጠሚያዎች ግን በየሰዓቱ ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል። እግር ላይ መቆም የሚጀመረው ሐኪሙ ራጅ አይቶ ሲፈቅድ ነው። ከተፈቀደ በኋላ ደግሞ ፈርቶ መተኛት ጥሩ አይደለም፤ አጥንት የሚጠነክረው ልኩን የጠበቀ ጫና ሲያገኝ ነውና። «ሕመሙ ተወኝ» ብሎ ጀሶን ያለ ቀኑ መቅደድም ብዙዎችን ለሁለተኛ ስብራት ዳርጓል።

ጾምና ሶላትስ?

ሕመሙ ረመዳን ውስጥ ከገጠመ ብዙ ሰው ይጨነቃል። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራ ለታመመ ሰው ጾሙን አፍጥሮ በሌሎች ቀናት እንዲከፍል ፈቅዷል። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ሰውነት ብዙ ምግብ በሚፈልግበት፣ መድኃኒትም በየሰዓቱ በሚወሰድበት ጊዜ ይህን ምሕረት መቀበል ከዲን መራቅ አይደለም። ሐኪሙ የፈቀደለት ጿሚ ደግሞ ሱሑሩን እንዳይተው፤ ኢፍጣሩንም በሳምቡሳና በጣፋጭ ብቻ ሞልቶ እንቁላሉን፣ ወተቱንና ምስሩን እንዳይረሳ።

መቆም ያልቻለ ተቀምጦ፣ መቀመጥ ያልቻለም በጎኑ ሆኖ እንዲሰግድ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል። ጀሶ ውሃ ሲነካው ስለሚላላና ከሥሩ ያለው ቆዳ ስለሚቆስል ለውዱእ ተብሎ አይነከር፤ አብዛኞቹ ዑለማዎች በላዩ ላይ በእርጥብ እጅ ማበስን ፈቅደዋል። ዝርዝሩን በአካባቢያችሁ ያለውን ዓሊም ጠይቁ።

በመጨረሻም እናቶችና አባቶች፣ በሽተኛውን ስትጠይቁ ባዶ እጅ ላለመሄድ ለስላሳና ብስኩት የምትገዙበትን ገንዘብ በጥቂት እንቁላል፣ በአንድ ሊትር ወተት ወይም በብርቱካን ቀይሩት። የእርሱ አጥንት የሚሠራው በየቀኑ ከሚቀርብለት ሳህን ነው። ለአዛውንቶች ደግሞ ውዱእ የሚያደርጉበት ቦታ እንዳያንሸራትት፣ የሌሊት መንገዳቸውም መብራት እንዲኖረው ብታደርጉ ቀጣዩን ስብራት ከወዲሁ ከለከላችሁ።

አላህ (ሱ.ወ) ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይስጥልን። አሚን!