ከዓለት ሥር የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን

የፀሐይ ብርሃን በማይደርስበት ጥልቅ ዓለት ውስጥም ሕይወት አለ። በዓለቱ ስንጥቅ በተኛው የከርሰ ምድር ውኃ ውስጥ ያለ ኦክስጅን የሚኖሩ ባክቴሪያዎችና አርኬያ የሚባሉ ተሕዋስያን ይገኛሉ። ኃይል የሚያገኙት ከሃይድሮጂን፣ ከብረትና ከሰልፌት ነው። ምግባቸው ጥቂት በመሆኑ የሚራቡት እጅግ በዝግታ ነው።

ውኃ የሚይዝ እንዲህ ያለ ስንጥቃማ ዓለት በኢትዮጵያም አለ፤ ጋሸናና ላሊበላ የሚገኙበት የሰሜን ወሎ ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅልጥ ዓለት የተገነባ ነው። ቅልጡ እየተደራረበ ሲቀዘቅዝ ባዛልት የተባለው ጥቁር ድንጋይ ሆነ፤ ዝናቡ በስንጥቆቹ እየሰረገ ይጠራቀምና በገደል ሥር ምንጭ ሆኖ ይወጣል። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ በኮሎምቢያ ወንዝ ዙሪያም ተመሳሳይ ባዛልት አለ። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ ጥናት በዚያ ባዛልት ጥልቅ ውኃ ውስጥ ሃይድሮጂን እየተመገቡ ሜቴን የሚያመነጩ ተሕዋስያን መኖራቸውን ገለጸ። ሃይድሮጂኑ ውኃ ከብረት አዘሉ ድንጋይ ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር ነው የሚለው ማብራሪያ ግን ክርክር አስነስቷል። ይኸው ባዛልት በግዛቱ በሚገኘው ሃንፎርድ የኒውክሌር ቆሻሻ መቅበሪያ እንዲሆን ታስቦ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1987 ግን የመቅበሪያ ቦታ ጥናቱ በኔቫዳው ዩካ ተራራ ብቻ እንዲወሰን በሕግ ተደነገገ።

ተሕዋስያኑ ለእንዲህ ያለ መቅበሪያ ደኅንነት ለምን እንደሚያሳስቡ ኦንካሎ የተባለው የፊንላንድ የኒውክሌር ቆሻሻ መቅበሪያ በግልጽ ያሳያል። እዚያ ያገለገለው የኒውክሌር ነዳጅ 430 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ እንዲቀበር ታቅዷል። ነዳጁ መጀመሪያ በብረት ዕቃ፣ ቀጥሎ 5 ሴንቲ ሜትር በሚወፍር የመዳብ በርሜል ይታሸጋል፤ ዙሪያው ቤንቶናይት በሚባል ሸክላ አፈር ይጠቀጠቃል። አንዳንድ ባክቴሪያዎች ሰልፌትን ወደ ሰልፋይድ ይለውጣሉ፤ የበሰበሰ እንቁላል ሽታ የሚያመጣው ይህ ነው። ሰልፋይዱ መዳቡን ካገኘው ጥቁር ሽፋን እየፈጠረ ቀስ በቀስ ይበላዋል። ቤንቶናይቱ ግን ውኃ ሲነካው ያብጣል፤ ቀዳዳዎቹ ስለሚጠብቡ ባክቴሪያው በውስጡ በቀላሉ ሊራባ አይችልም፣ ሰልፋይዱም በቶሎ አያልፍም።

ተሕዋስያኑ የሚጠቅሙበትም ጊዜ አለ። የመቅበሪያው ዋሻ ሲዘጋ የሚቀረውን ኦክስጅን ይጨርሳሉ። ብረት ሲዝግ የሚወጣውን ሃይድሮጂን በመመገብም የጋዙን ግፊት ሊቀንሱ እንደሚችሉ በስዊዘርላንድ ሞንት ቴሪ የምርምር ዋሻ የተደረገ ሙከራ አሳይቷል። ሌሎች ደግሞ በውኃ የሟሟን ዩራኒየም ወደማይሟሟ ዓይነት ስለሚለውጡ ርቆ እንዳይጓዝ ያግዳሉ።

ያገለገለ ነዳጅ ከሰውና ከአካባቢ ተለይቶ መቆየት ያለበት ለ100,000 ዓመታት ያህል ነው። ስለዚህ የመቅበሪያ ቦታ ሲመረጥ የዓለቱን ጥንካሬ መለካት ብቻ አይበቃም፤ በውኃው ውስጥ ያሉት ተሕዋስያን ምን ተመግበው ምን እንደሚያመነጩም አስቀድሞ መታወቅ አለበት።