ኩብኩባ ቅርፊቱን የሚጥልበት ጊዜና የመከላከያው ቀን

የበረሓ አንበጣ በእርሻ ላይ የሚያደርሰው ጥፋት ለማንም የተሰወረ አይደለም፤ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ በወሎና በራያ ለአጨዳ የቀረበውን ጤፍና ማሽላ መንጋው እንደ ምን እንዳጠፋው ያየ ሁሉ ያስታውሰዋል። ነገር ግን በመንጋ የሚሄደው አንበጣ ለመብረር ከመድረሱ አስቀድሞ አምስት ጊዜ ቅርፊቱን እንደሚጥል፥ የመከላከያውም ጊዜ በዚሁ እንደሚቈጠር የሚያስተውለው ጥቂት ሰው ነው።

የከብት አጥንት በሥጋው ውስጥ ሆኖ አብሮ ያድጋል። የአንበጣ አጥንቱ ግን ቆዳው ነው፤ ይኸውም የደረቀ ቅርፊት ስለ ሆነ ሥጋው ሲፋፋ ሊሰፋለት አይችልም። ስለዚህ ከአሮጌው በታች አዲስ ለስላሳ ቅርፊት ያበቅላል፤ መብሉን ይተዋል፤ በቍጥቋጦ ላይ ራሱን ቍልቍል አድርጎ ይንጠለጠላል፤ አየር ውጦ ሰውነቱን በነፋ ጊዜ አሮጌው ቅርፊት በጀርባው በኩል ይሰነጠቅና በዚያ ይወጣል። ከቍጥቋጦው ሥር የተጣለውን ቅርፊት ያየ ሰው መንጋው ሞቶ አለቀ ብሎ እንዳይታለል።

በእርጥብ አሸዋ የተቀበረው ዕንቍላል ሙቀቱ ሲስማማው በሁለት ሳምንት ያህል ይፈለፈላል። ኩብኩባው በመጀመሪያ ጥቍር ነው፤ ከዚያ ወዲህ ብጫ እየቀላቀለ ይሄዳል፤ በሦስተኛው ደረጃ የክንፉ እንቡጥ ብቅ ይላል፤ በአምስተኛው ደረጃ በሩቅ ለሚያይ እንኳ የማይሰወር ይሆናል። ይህ ሁሉ ከ30 እስከ 40 ቀን ያህል ይፈጃል፤ ሙቀት ያፈጥነዋል፥ ብርድ ያዘገየዋል። አምስተኛውን ቅርፊት ከጣለ በኋላ ክንፍ ያለው አንበጣ ነው፤ ክንፉ እስኪጠና ግን ዐሥር ቀን ያህል ሩቅ ለመብረር አይችልም። ከዚያ ወዲያ በነፋስ እየተረዳ በቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ስለሚሄድ፥ ዛሬ በአንዱ ወረዳ የታየው ነገ የሌላው ወረዳ ዕዳ ነው።

በእግሩ ሳለ ግን ጕድጓድ ቈፍሮ ወደዚያ መንዳትም ሆነ መድኀኒት መርጨት ይቻላል። እንግዲህ «አንበጣ ታየ» ብቻ ብሎ የሚላክ ወረቀት ብዙ አይጠቅምም። የታየበት ቀንና ቀበሌ፥ የመንጋው ስፋት፥ ከሁሉ ይልቅ የክንፉ እንቡጥ መታየትና አለመታየት ሊጻፍ ይገባል፤ ተቀባዩ ስንት ቀን እንደ ቀረው የሚያውቀው በዚህ ነውና። ደብዳቤው በአንድ ጽሕፈት ቤት ሳምንት ቢያድር፥ በዚያው ሳምንት ኩብኩባው አንድ ቅርፊት ይጥላል።

ፍለጋውም በማለዳ ቢሆን ይሻላል፤ ፀሓይ ሳታሞቀው ኩብኩባው በቍጥቋጦ ላይ ተከማችቶ ይገኛል።